አስታራቂን የሚቀጣ መራጭ

ግንቦት 15 ቀን 2002 በተካሄደው አራተኛው ጠቅላላ ምርጫ ከ547ቱ የፓርላማ ወንበሮች 545ቱን የያኔው ገዢ ኢሕአዴግና አጋሮቹ ጠቅልለው ወሰዱ። የተረፉት ሁለት ብቻ ናቸው። አንዱን አዲስ አበባ ላይ የተቃዋሚው የመድረክ ዕጩ አቶ ግርማ ሰይፉ አሸነፉ። ሁለተኛው ግን የገዢውም የተቃዋሚውም አልሆነም። ከአዲስ አበባ 460 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ በምትገኘው የካፋ ዞን ዋና ከተማ በቦንጋ፣ የግል ተወዳዳሪው ዶክተር አሸብር ወልደጊዮርጊስ አሸንፈው ፓርላማ ገቡ። ከዚያ በፊት የእግር ኳስ ፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት ነበሩ፤ በኋላም ኦሊምፒክ ኮሚቴውን መርተዋል።

ስለዚያ ምርጫ በተወራ ቁጥር የሚጠቀሰው 99.6 በመቶው ነው። የቦንጋው ወንበር ከተነሳም እንደ ትንግርት ተነስቶ ይታለፋል። ነገሩ ግን ቆም ተብሎ ቢታይ ይሻላል። አንድ ለአምስቱ፣ የልማት ቡድኑ፣ ቀበሌው፣ ማዳበሪያና ምርጥ ዘር የሚያድለው እጅ ሁሉ የአንድ ድርጅት በነበረበት ዘመን፣ የቦንጋ መራጭ ከመጋረጃው ኋላ ብቻውን ገብቶ የድርጅቶቹን ምልክት ሁሉ አልፎ የአንድ ሰው ምልክት ላይ አሳረፈ። ዝናቸው ነው ያስመረጣቸው የሚል አይጠፋም። ይሁን። ዝናም ቢሆን የአንድ ሰው ዝና ነው፤ መራጩ የመዘነውም ሰውዬውን ነው፣ «የማን ወገን ነው?» የሚለውን አይደለም።

የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ ታዲያ ዶክተር አሸብር አይደሉም። ጉዳዩ የመረጣቸው ሰው ነው፤ እሱና መሰሎቹ አገሪቱ ለገባችበት የመረረ የፖለቲካ ጠብ ምን ያህል ተጠያቂ ናቸው የሚለው ነው።

ቦንጋ ዝናቧ አይጠገብም። ሰማዩ ሲከፈት መንገደኛው ሁሉ አንዷ ቡና ጠጡ ውስጥ ይጠለላል። አቦሉ እስኪወርድ ጨዋታው ስለ ማርና ስለ በግ ዋጋ ነው፤ ቶናው ሲቀዳ ፖለቲካው ይመጣል። አንዱ «ፖለቲከኞች ናቸው ያባሉን» ይላል፤ የተቀመጠው ሁሉ ራሱን ይነቀንቃል። ጥቂት ቆይቶ ያው ሰው ስልኩን ያወጣና አንድ ቪዲዮ ይከፍታል። ከየት አገር እንደሚያወራ የማይታወቅ ሰው የሌላውን ብሔር፣ የሌላውን ፓርቲ ሰዎች ዘራቸውን እየቆጠረ ይሳደባል። «ልክ ልካቸውን ነገራቸው!» ይባላል። ስልኩ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል፣ አንጀት ይርሳል። በረካው ሲመጣ ቪዲዮው ለአሥር ሰው ተልኳል። ይህ ትዕይንት የቦንጋ ብቻ አይደለም፤ ጎንደርም፣ ነቀምቴም፣ መርካቶም፣ አሜሪካ ያለችው ሲልቨር ስፕሪንግም ውስጥ ያለ ነው።

«ፖለቲከኞች ያባሉን» የሚለው አባባል ግማሽ እውነት አለው። ሌላው ግማሽ ስልኩ ላይ ነው።

እርግጥ መራጩን ከመክሰስ በፊት ያለበትን ማየት ይገባል። በ2000 የአካባቢ ምርጫ የቀበሌ ምክር ቤቶች አባላት ቁጥር እስከ 300 እንዲደርስ ተደርጎ በመላ አገሪቱ ወደ 3.6 ሚሊዮን የሚጠጋ ወንበር ተፈጠረ፤ ከጥቂቶቹ በቀር ሁሉንም ኢሕአዴግና አጋሮቹ ያዙት። ይህ ማለት በየመንደሩ፣ በየዕድሩ፣ በየቤተሰቡ ማለት ይቻላል አንድ የድርጅት ሰው ተቀመጠ ማለት ነው። ሥራ ፈላጊው ወጣት የአባልነት ፎርም ሲቀርብለት እምቢ የሚልበት አቅም አልነበረውም። ግንቦት 16 ቀን 2007 በተካሄደው ምርጫ ደግሞ 547ቱም ወንበሮች ኢሕአዴግና አጋሮቹ ኪስ ገቡ፤ የቦንጋውም አብሮ ሄደ። አማራጭ ለሌለው ሰው «ለምን አልመረጥክም?» ብሎ መጠየቅ ፌዝ ነው።

ነገር ግን መራራው ፖለቲካ የሚኖረው በኮሮጆ ውስጥ ብቻ አይደለም። ቪዲዮውን ላክ ብሎ ያዘዘ ካድሬ የለም። ታራቂውን ፖለቲከኛ ከሃዲ በል ብሎ ያስገደደም የለም። መራጩ በሙሉ ነፃነቱ ያደረጋቸው ነገሮች አሉ፤ ይህ አምድ የሚያነሳው እነዚያን ነው። ለዚህ ደግሞ ከ1997ቱ ምርጫ የተሻለ ማስረጃ አይገኝም።

ሚያዝያ 30 ቀን 1997 መስቀል አደባባይ በተቃዋሚው ቅንጅት ደጋፊዎች ተጥለቀለቀ። ግንቦት 7 መራጩ ከሌሊት ጀምሮ ተሰለፈ፤ ቅንጅት የአዲስ አበባን 23 የፓርላማ ወንበሮች በሙሉ፣ ከ138ቱ የከተማ ምክር ቤት ወንበሮች ደግሞ 137ቱን አገኘ። ከዚያ በኋላ የድምፅ ቆጠራ ውዝግብ፣ ግድያና እስር መጣ። በፓርላማ የተቋቋመው አጣሪ ኮሚሽን 193 ሰላማዊ ሰዎችና 6 ፖሊሶች መሞታቸውን አረጋግጧል። ጥይቱን የተኮሰው መራጩ አይደለም፤ ይህን ዕዳ ወደ መራጩ ማዞር ነውር ነው። ሆኖም በመካከሉ ዛሬ ብዙ ሰው ሊያስታውሰው የማይወድ አንድ ወር አለ፤ መስከረም 1998። ቅንጅት ፓርላማ ልግባ አልግባ ብሎ ደጋፊዎቹን በየስብሰባው ጠየቀ። «አትግቡ» የሚለው ድምፅ በረታ። ድምፁን ተሰርቄያለሁ ብሎ ያመነ፣ ሰኔ ላይ የሰፈሩን ልጅ የቀበረ ሰው ለምን እንዲህ እንዳለ መረዳት አይከብድም። ግን መልሱ መልስ ነበር፤ መሪዎቹም ሰሙት። አዲስ አበባን የሚያህል ከተማ የማስተዳደር ዕድል በመራጩም በተመራጩም ፈቃድ ተተወ። ጥቅምት መጨረሻ ላይ መሪዎቹ ታሰሩ፤ የተፈቱት ሐምሌ 1999 ነው።

የሚገርመው ግን ፓርላማ የገቡት ላይ የደረሰው ነው። በቴሌቪዥን ክርክሩ የወጣቱ ጀግና የነበሩት አቶ ልደቱ አያሌው ከፓርቲያቸው ከኢዴፓ ጋር ፓርላማ ሲገቡ፣ በጥቂት ወራት ውስጥ ስማቸው የክህደት መጠሪያ ሆነ። በቅንጅት ውህደት ዙሪያ የነበረው ንትርክም አባብሶት ነበር፤ እሱን መካድ አይቻልም። ሆኖም ለስድቡ ማጣፈጫ የሆነው መግባታቸው ነው። ሕዝብ የመረጣቸው ፓርላማ እንዲገቡ ሆኖ ሳለ፣ በመግባታቸው ተሰደቡ። ሰውዬው ልክ ነበሩ ወይስ አልነበሩም የሚለው ክርክር ይቀጥል፤ የያኔው መራጭ ግን አልተከራከራቸውም፣ ከማኅበሩ አስወጣቸው እንጂ።

ሁለተኛው ታሪክ ከዚህም ይብሳል። የቅንጅቱ ሊቀመንበር ኢንጂነር ኃይሉ ሻውል ታስረው ከተፈቱ በኋላ፣ ጥቅምት 20 ቀን 2002 ከጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ ጋር በምርጫ ሥነ ምግባር ሰነድ ላይ ተፈራርመው ተጨባበጡ። ሰነዱ በኋላ አዋጅ ቁጥር 662/2002 ሆኖ ወጣ፤ ማስፈራራትን፣ ጉቦን፣ ሁከትን የሚከለክል፣ ፓርቲዎች ቅሬታቸውን የሚያዩበት የጋራ ምክር ቤት የሚያቋቁም ነበር። መድረክ የራሱን ምክንያት አቅርቦ ሳይፈርም ቀረ፤ ያም መብቱ ነው። የደጋፊው ሁኔታ ግን ሌላ ነበር። ሰነዱን ያነበበ ጥቂት ነው፤ ፎቶውን ያላየ የለም። ሁለት ዓመት ገደማ እስር ቤት የቆዩ ሽማግሌ፣ እጃቸውን ለመጨበጥ ስለዘረጉ ብቻ «ተሸጡ» ተባሉ። ፓርቲያቸው መኢአድ በ2002ቱ ምርጫ አንድም ወንበር አላገኘም፤ ኢዴፓም እንዲሁ። ሜዳው የተስተካከለ አልነበረምና ሽንፈቱን ሁሉ ለደጋፊው ኩርፊያ መስጠት ትክክል አይሆንም፤ የተጨበጠውን እጅ ግን በአደባባይ የተከላከለ ደጋፊ ማግኘት ይቸግር ነበር።

ውጭ አገር ያለውም ከዚህ አልተሻለም። መሪዎቹ ከእስር በወጡ ማግስት፣ በ2000 መግቢያ ላይ፣ አሜሪካ ውስጥ ያለው ደጋፊ «የኃይሉ» እና «የብርቱካን» ተብሎ ለሁለት ተከፈለ። ለእስረኞቹ ሻማ ያበራ፣ ገንዘብ ያዋጣ፣ ኮንግረስ ደጃፍ በብርድ የቆመ ሰው ነው እንዲህ የሆነው። ከዚያ ክፍፍል ብርቱካን ሚደቅሳ የመሩት አንድነት ፓርቲና ብርሃኑ ነጋ የመሩት ግንቦት 7 የተባለው ድርጅት ወጡ። ፓርቲ መብዛቱ በራሱ ችግር አይደለም፤ ችግሩ ትናንት አብሮ የጮኸውን ሰው ዛሬ በወያኔነት መክሰሱ ነበር።

ከእነዚህ ታሪኮች ፖለቲከኛው ምን ተማረ? ስሌቱ ቀላል ነው። የተደራደረ ይዋረዳል፤ የተሳደበ ይታቀፋል። ፖለቲከኛ ነጋዴ ነው፤ ገበያ ላይ የሚፈለገውን ዕቃ ያቀርባል። «አናርኪስት»፣ «ባንዳ»፣ «ጠባብ»፣ «ትምክህተኛ»፣ «ፀረ ሰላም»፣ «ጁንታ»፣ «ፅንፈኛ» የሚሉት ቃላት በየዘመኑ ከላይ ቢወርዱም፣ ከታች የሚያነሳቸው ባይኖር በአዋጅና በጋዜጣ ላይ ይቀሩ ነበር። ጎረቤቱን በእነዚህ ስሞች የጠራው ተራው ሰው ነው።

ፌስቡክ ይህን ገበያ ወደየኪሱ አስገባው። ጥቅምት 2014 ላይ፣ የሰሜኑ ጦርነት በተፋፋመበት ጊዜ፣ የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የኬሚስትሪ ፕሮፌሰር በቤታቸው ደጃፍ በጥይት ተገደሉ። ከመገደላቸው በፊት ፎቷቸውና የሚኖሩበት ሰፈር በፌስቡክ እየዞረ ነበር። ልጃቸው ናይሮቢ ላይ የፌስቡክን ባለቤት ሜታን ከሰሰ፤ የኬንያ ከፍተኛ ፍርድ ቤትም በ2017 ጉዳዩን የማየት ሥልጣን አለኝ ብሎ ወስኗል። ሜታ ጽሑፎቹን ባለማንሳቱ ይጠየቅ። የጻፋቸው ግን ሜታ አይደለም። ከሥራቸው አስተያየት የሰጠው፣ ያጋራው፣ «እንዲህ ነው!» ያለው ሰው የፓርቲ መሪ አልነበረም፤ የምርጫ ካርድ የያዘ፣ ምናልባትም የዕድሩ ጸሐፊ የሆነ ሰው ነው።

የጥላቻ ንግግርን ለመከላከል የወጣው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 ሐሰተኛ መረጃን ከ5 ሺህ በላይ ተከታይ ባለው ገጽ ያሰራጨውን ቅጣቱን ያከብድበታል። ስለዚህ 200 ተከታይ ያለው ሰው ሕጉ ለትልልቆቹ እንጂ ለእኔ አይደለም ይላል። ትልልቆቹ ግን ትልቅ የሆኑት እሱን በመሰሉ ሰዎች ነው።

ወደ ካፋ ስንመለስ ሥዕሉ ይወሳሰባል። የዞኑ ምክር ቤት በ2011 ካፋ ራሱን የቻለ ክልል እንዲሆን ጠይቆ ነበር። በዚያው ወቅት ተመሳሳይ ጥያቄ ያነሱ ሌሎች የደቡብ አካባቢዎች ምን እንደገጠማቸው አገር ያውቃል፤ በ2011 መጨረሻ ሲዳማ ውስጥ፣ በ2012 ማብቂያ ወላይታ ውስጥ ደም ፈሷል። ካፋ በመጨረሻ የያዘው መንገድ ሌላ ነው። ከሸካ፣ ከቤንች ሸኮ፣ ከዳውሮ፣ ከምዕራብ ኦሞና ከኮንታ ጋር አንድ ክልል ለመሆን ተስማማ። መስከረም 20 ቀን 2014 በተካሄደው ሕዝበ ውሳኔ ከ1.2 ሚሊዮን በላይ ሰው ድጋፉን ሰጠ፤ ኅዳር 14 ቀን 2014 የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል 11ኛው ክልል ሆኖ ተመሠረተ። የሥራ ቋንቋው አማርኛ ሆነ። ዋና ከተማነቱም ለአንድ ከተማ አልተሰጠም፤ ቦንጋ፣ ታርጫ፣ ሚዛን አማንና ቴፒ ተከፋፈሉት።

ይህ ውሳኔ ጉድለት የለውም ማለት አይደለም። አራት ከተማ ላይ የተበተነ መንግሥት ለባለጉዳይ ድካም ነው፤ አንድ ማኅተም ፍለጋ ግማሽ ክልል የሚያቆራርጥ ሰው ቢያማርር ይፈረድለታል እንጂ አይፈረድበትም። ሆኖም ማንም ሙሉ በሙሉ ያልተሸነፈበት፣ ማንም ጠቅልሎ ያልወሰደበት ስምምነት ነው። የቦንጋ መራጭ «ብቻዬን» ብሎ ጀምሮ «አብረን» ላይ ሲጨርስ ከሃዲ አልተባባለም፤ ቢያንስ ስምምነቱን በሚያፈርስ መጠን አልተባባለም። እንዲህ ያለው ስምምነት አንጀት አያርስም፣ ዘፈንም አይወጣለትም። የዚህ ጸሐፊ እምነት ግን ከ2002ቱ ወንበር ቀጥሎ የካፋ መራጭ ሊኮራበት የሚገባው ይህ ነው።

ያው መራጭ ነገሩ ቡና ላይ ሲደርስ ሌላ ሰው ይሆናል። የቡና መገኛ ማኪራ ነው ወይስ ጮጬ፣ ካፋ ነው ወይስ ጅማ? አንድ ባለሥልጣን በንግግሩ ወይም አንድ መሥሪያ ቤት በጽሑፉ አንዱን ስም ሲጠራ ሌላው ወገን ይቆጣል። ቦንጋ ውስጥ ብሔራዊ የቡና ሙዚየም ቆሟል፤ የካፋ ደን በ2002 በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ሆኖ ተመዝግቧል። ማስረጃ የጎደለው ክርክር አይደለም። የሚያስቀው ነገር ግን በደርግ ዘመን «ከፋ ክፍለ ሀገር» የሚባለው አስተዳደር ዋና ከተማው ጅማ ነበረች፤ ዛሬ የሚጣሉት ሁለቱ ወገኖች አያቶቻቸው ግብር የሚከፍሉት ለአንድ ጽሕፈት ቤት ነበር። ጫካ ውስጥ የበቀለው የአረቢካ ዛፍ ደግሞ የቀበሌ ወሰን አያውቅም። በዚህ ጉዳይ ላይ ቦንጋም ሆነ ጅማ ቆሞ «ቡናው የእኛ ነው!» የሚል ዕጩ ጭብጨባውን በነፃ ያገኛል። የጫካ ቡና ለቃሚው ለምን በርካሽ እንደሚሸጥ፣ ደኑ ለምን እየተመነጠረ እንደሆነ ግን የሚጠይቀው አይኖርም፤ ጭብጨባው ጥያቄውን ውጦታል።

ሌላም አለ፣ ከዚህ የሚከብድ። በካፋ ማንጆ የሚባሉት ወገኖች ለዘመናት ከሌላው ጋር በአንድ ገበታ እንዳይቀርቡ፣ እንዳይጋቡ ተደርገው ኖረዋል። በአደንና በማገዶ፣ በከሰል ሽያጭ የሚታወቁት እነዚህ ሰዎች ሌላው ቤት ከደጃፍ አያልፉም፣ ሌላውም እነሱ ቤት አይገባም ነበር። ልማዱ እየላላ መጥቷል፤ ሞቷል ማለት ግን አይቻልም። ይህን ያመጣው ፓርቲ አይደለም። ኢሕአዴግም፣ ደርግም፣ ንጉሡም ከመምጣታቸው በፊት የነበረ ነው። የጎረቤቱን ኩባያ ለይቶ የሚያስቀምጥ ሰው፣ ፖለቲከኛ መጥቶ «እነሱ ሌላ ናቸው» ሲለው አዲስ ትምህርት አይሆንበትም፤ የቤቱ ወግ ነው። በምርጫ ጣቢያው ሰልፍ ላይ ግን ማንጆውም ሌላውም ጣቱን በአንድ ቀለም ይነክራል፣ ወረቀቱም አንድ ኮሮጆ ውስጥ ይገባል። ቦንጋ ውስጥ ስለ አገር መከፋፈል የሚቆረቆር ሰው ቢኖር፣ ከአዲስ አበባ ፖለቲከኞች በፊት ከዚህ ቢጀምር ማንም አይከለክለውም።

ሕገ መንግሥቱ ለመራጩ ከሚታሰበው በላይ ሰጥቶታል። አንቀጽ 54 የምክር ቤት አባል ለሕገ መንግሥቱ፣ ለሕዝቡና ለሕሊናው ተገዢ ነው ይላል፤ ለፓርቲው አይልም። አንቀጽ 12 ደግሞ ሕዝብ እምነት ያጣበትን ተመራጭ ሊያነሳ እንደሚችል ይደነግጋል። ሁለቱም ድንጋጌዎች ወረቀት ላይ የቀሩት የመንግሥት እጅ ስለከበደ ብቻ አይደለም። ተመራጩን ጠርቶ «በዚህ ጉዳይ ለምን እጅህን አወጣህ?» ብሎ የመጠየቅ ልማድ ስለሌለም ነው። መራጩ ተመራጩን የሚያስበው ለሥራ ማስቀጠሪያና ለመንገድ ማስጠገኛ ነው፤ ድምፁን በምን ላይ እንደሰጠ አይከታተልም። በ2002ቱ ፓርላማ አቶ ግርማ ሰይፉ ብቻቸውን እጃቸውን አውጥተው ሲቃወሙ በቴሌቪዥን ላይ እንደ ልዩ ትርኢት ይታዩ ነበር። የቀሩት አምስት መቶ ከምናምኑ ለምን አንድ ላይ እንዳነሱ የየወረዳቸው መራጭ ሲጠይቃቸው አልተሰማም።

ሰባተኛው ጠቅላላ ምርጫ የተያዘው ለ2018 ነው። ያም ሆነ ከዚያ በኋላ የሚመጣው፣ የካፋ መራጭ ከአዳራሹ ወንበር ተነስቶ ለእያንዳንዱ ዕጩ ሊያቀርበው የሚችል አንድ ጥያቄ አለ፤ ወጪም የለው፣ ፈቃድም አይፈልግ። «ተፎካካሪህ ከአንተ የተሻለ ነገር የተናገረው በምን ላይ ነው?» የሚል ነው። የገዢው ፓርቲ ዕጩ ይህን ለመመለስ ከድርጅቱ ጽሕፈት ቤት የተሰጠው ወረቀት አይረዳውም። ተቃዋሚውም ቢሆን «ምንም የለም» ማለት ይቀለዋል፤ ደጋፊዎቹ ያጨበጭቡለታል። ከመካከላቸው አንዱ ግን ቆም ብሎ «ስለ ደኑ ያነሳው ነጥብ ልክ ነው፣ እኛ ዘግይተናል» ቢል፣ ከኋላ ረድፍ «ተሸጠ!» የሚል መጮሁ አይቀርም። ያን ጊዜ የቀረው አዳራሽ የሚያደርገውን ዕጩዎቹ ሁሉ እያዩ ነው፤ ለሚቀጥለው ወረዳ የሚያዘጋጁትንም ንግግር የሚጽፉት እሱን አይተው ነው።